ጠጠሩ አለ፤ ሕመሙ ግን የማን ነው?

ጥያቄ፦ የ39 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ጨጓራ ነው እየተባልኩ ለዓመታት ኦሜፕራዞል ስወስድ ኖሬአለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ሲርበኝ ያቃጥለኛል፣ ይነፋኛል፣ ያገሳኛል። በቅርቡ አልትራሳውንድ ስነሣ የሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ብዙ ጠጠሮች ተገኙ፤ ትልቁ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀቱ ላይ የከረጢቱ ግድግዳ 2 ሚሊ ሜትር፣ ዋናው የሐሞት ቱቦ 4 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ክሊኒኩ «ቶሎ ካልተሠራሽ ይፈነዳል» አለኝ። ጎረቤቴ የሎሚ ጭማቂና የወይራ ዘይት ጠጥታ ጠጠሩን በሰገራ እንዳስወጣች ትምላለች። ታላቅ እህቴ ደግሞ ጠጠር እንዳለባት ካወቀች 10 ዓመት ሆኗታል፤ አንድም ቀን አሟት አያውቅም፣ «ተይው» ትለኛለች። እኔን ግን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከሠርግ በተመለስኩ ሌሊት፣ አንዴ ደግሞ በፋሲካ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በቀኝ ጎኔ ተነሥቶ ወደ ትከሻዬ የሚወጣ ከባድ ሕመም ያዘኝና ከሁለት ሰዓት በኋላ በራሱ ለቀቀኝ። ልጨነቅ ወይስ ልተወው?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጻፉልኝ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ይነበባሉ። አንዱ ጠዋት ጠዋት የሚያቃጥልዎት ነው፤ ሌላው እነዚያ ሁለት ሌሊቶች ናቸው። ክሊኒኩም፣ ጎረቤትዎም፣ እህትዎም ሁለቱን ጠቅልለው እንደ አንድ ስለመለሱልዎት ግራ ቢገባዎት አይፈረድብዎትም። መልሴን በአጭሩ ላስቀድም፦ ከጻፉልኝ ተነሥቼ ስፈርድ ዛሬ ማታ ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነገር አይታየኝም፤ ሊፈነዳ የተቃረበ ነገርም የለም። ሁለቱ ሌሊቶች ግን የጠጠሩ ሥራ ይመስላሉ። ስለዚህ በሚቀጥሉት ሳምንታት ውስጥ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይዩና ከረጢቱን በቀጠሮ ለማስወጣት ይዘጋጁ እላለሁ። የጠዋቱ ማቃጠል በዚያ ይጠፋል ብለው ግን ተስፋ አያድርጉ።

ከእህትዎ ልነሣ። የተናገሩት ለእሳቸው ልክ ነው። የሐሞት ጠጠር ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ጠጠር እንዳለባቸው እንኳ ሳያውቁ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። አሟቸው የማያውቁ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በ20 ዓመት ውስጥ ሕመም የሚጀምራቸው ከ5 ሰው 1 ገደማ ነው። በእርግዝና ክትትል ወይም ለኩላሊት ሲታዩ ጠጠር የተገኘባቸውን፣ ምንም ያልተሰማቸውን ሰዎች እኛም አንነካቸውም፤ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ብቻም አንቸኩልም። ቀዶ ሕክምናው ትንሽ ቢሆንም አደጋ አለው፤ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ጠጠር ያንን አደጋ መግዛት አያዋጣም። ከዚህ ውጪ የሚሆኑት ጥቂት ናቸው፦ ከ3 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ጠጠር፣ ግድግዳው በካልሲየም የደረቀ ከረጢት፣ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፖሊፕ (ከከረጢቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ የሚበቅል ትንሽ እብጥ)። እነዚህ ከከረጢቱ ካንሰር ጋር ስለሚያያዙ ሕመም ባይኖርም ማስወጣት ይመከራል። በጻፉልኝ ውጤት ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም። እርስዎን ከእህትዎ የሚለይዎት እነዚያ ሁለት ሌሊቶች ናቸው፤ የጠጠሩ ብዛት በዚህ ላይ ብዙም ድምፅ የለውም።

በነገራችን ላይ «ትልቅ ጠጠር ነው» ተብሎ መደንገጥ የተለመደ ነው። እኔን ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ትንሹ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጠጠር ከከረጢቱ ሾልኮ ወደ ዋናው ቱቦ ለመውረድ ይቀለዋል፤ እዚያ ሲደርስ ቱቦውን ይዘጋል ወይም ቆሽትን ያስቆጣል። የእርስዎ ወረቀት የትልቁን መጠን ብቻ ነው የሚናገረው፤ «ብዙ» ከተባሉት ውስጥ ትንንሾቹ ምን ያህል እንደሆኑ አልጻፈም። ይህም ለቀጠሮው አንድ ምክንያት ይሆናል።

አሁን ወደ ሌሊቶቹ። ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ሐሞት ያመነጫል። ከፊሉ ከጉበት ሥር በተለጠፈችው ትንሽ ከረጢት ውስጥ እየተጠራቀመ፣ ውሃው እየተመጠጠ ይወፍራል። ቅባት ያለው ምግብ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ከረጢቷ ትኮማተርና ሐሞቷን ትለቃለች። አንገቷ እንደ ጀበና አንገት ጠባብ ነው። በተኮማተረች ጊዜ አንድ ጠጠር እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ከተቀረቀረ መግፋቷን ትቀጥላለች፣ መውጫ ግን የለም፤ ሕመሙ ያ ነው። ጠጠሩ ተንሸራትቶ ወደ ውስጥ ሲመለስ ይለቃል።

ይህ ሕመም የራሱ ሰዓት አለው። ከበሉ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነሣል። በሩብ ወይም በግማሽ ሰዓት ውስጥ እየጨመረ ሄዶ ከፍ ያለው ላይ ይቆማል። ቁርጠት ይባል እንጂ እንደ ተቅማጥ ቁርጠት መጥቶ ሄዶ አይመላለስም፤ አንዴ ከያዘ ጨምድዶ ይይዛል። ቦታው በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ወይም መሃል ላይ ከደረት በታች ነው፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ትከሻ ጀርባ ይወጣል። ያቅለሸልሻል፣ ላብ ላብ ያሰኛል። ሰውየው ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ይንጎራደዳል፤ ቢገላበጥ፣ ቢያገሳ፣ መጸዳጃ ቤት ሄዶ ቢመለስ፣ ኦሜፕራዞል ቢውጥ አይተወውም። ከግማሽ ሰዓት እስከ 5 እና 6 ሰዓት ቆይቶ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ይላል። እርስዎ የጻፉት ቃል በቃል ይህንኑ ነው፤ በስልክ ቢነግሩኝ እንኳ ብዙ ሳልጠይቅ ጠጠር እል ነበር።

የጠዋቱ ማቃጠል ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በየቀኑ ይመጣል፣ ሲርብ ይብሳል፣ ማግሳትና መንፋት አለው። ይህ ብዙ ጊዜ የጨጓራ ነው። አገራችን ውስጥ ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ይባላል፤ ትኩሳት ከተጨመረበት ታይፎይድ ይሆናል፤ ሰውየው ሁለቱንም መድኃኒት ጨርሶ ሲመለስ ነው አልትራሳውንድ የሚታዘዝለት። ስሕተቱ ግን ወደ ሌላው ወገንም ይሄዳል። አልትራሳውንዱ ጠጠር ካሳየ የዓመታት ማቃጠል፣ መንፋት፣ ምግብ አለመፈጨት ሁሉ በጠጠሩ ላይ ይላከካል፤ ከረጢቱ ይወጣል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሕመምተኛዋ «ጨጓራዬን አሞኝ መጣሁ፣ ሐሞቴን ወሰዳችሁት» ብላ ትመለሳለች። ቁጣዋ ተገቢ ነው። መንፋትና ማግሳት ጠጠር ባለባቸውም በሌለባቸውም ሰዎች ላይ እኩል የሚታይ ነገር ስለሆነ በእሱ ብቻ ማንም ከረጢቱን ማስወጣት የለበትም።

ስለዚህ ለጨጓራዎ ለብቻው መልስ ይፈልጉለት። ኤች ፓይሎሪ የተባለው ጨጓራን የሚያስቆጣ ባክቴሪያ በእኛ አገር እጅግ የተስፋፋ ነው። ከደም ይልቅ የሰገራ ምርመራው ይሻላል፤ የደሙ ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ አለ ሊል ይችላል። ከምርመራው በፊት ግን ኦሜፕራዞሉን ለ2 ሳምንት ማቆም፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከወሰዱም 4 ሳምንት መቆየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊባሉ ይችላሉ። ይህንን ሳይነግሩ ወደ ላቦራቶሪ የሚልኩ ስላሉ እርስዎ ያስታውሱ።

ሌሊት ሲይዝዎት ከመድኃኒት ቤት ስለሚገዛው መርፌም አንድ ነገር ልበል። ዳይክሎፌናክ ለጠጠር ሕመም በደንብ ይሠራል፤ ሐኪሞችም እናዝዘዋለን። ነገር ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ የቆሰለ ካለም ያደማል። እንደ እርስዎ ሁለቱንም ሕመም የተሸከመ ሰው በየጊዜው እየሮጠ ሊወጋው የሚገባ መድኃኒት አይደለም።

ወረቀቱ ላይ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች የሚያረጋጉ ናቸው። የከረጢቱ ግድግዳ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ነው፤ የእርስዎ 2 ነው፣ ማለት የተቆጣ ከረጢት አይደለም። ዋናው ቱቦ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ድረስ አያሳስብም፤ የእርስዎ 4 ነው። አልትራሳውንድ በከረጢቱ ውስጥ ያለን ጠጠር ለማየት በጣም የታመነ መሣሪያ ነው፤ ሆድ ባዶ ሆኖ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ከተጾመ በኋላ ሲሠራ ከ100 ጠጠር 95ና ከዚያ በላይ ያያል። ባለሙያው በግራ ጎንዎ እንዲተኙ ሲያደርግዎት ጠጠሮቹ ወደ ታች ይንከባለላሉ፤ ከኋላቸውም ጥቁር ጥላ ይጥላሉ። ፖሊፕ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ከቦታው አይነቃነቅም። ዋናው ቱቦ ውስጥ የገባን ጠጠር ግን ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል፤ ስለዚህ የጉበት የደም ምርመራ ይታዘዝልዎታል።

ሐኪሙ ደግሞ በእጁ የሚያየው ነገር አለ። ጣቶቹን በቀኝ የጎድን አጥንትዎ ሥር አስገብቶ «አየር በኃይል ወደ ውስጥ ይሳቡ» ይልዎታል። ከረጢቷ ተቆጥታ ከሆነ ትንፋሹ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል፤ ሰው ፈልጎ የሚያደርገው ነገር አይደለም። በግራ በኩል ተመሳሳዩ ሲደረግ ትንፋሹ ሳይቋረጥ ይገባል። ይህች የአንድ ደቂቃ ምርመራ ሳትደረግልዎ «ይፈነዳል» ተብለው ከሆነ የነገርዎትን ሰው ቃል ብዙ አይመኑ። ከረጢት የሚበሳው ለቀናት ተቆጥቶ ሕክምና ሲያጣ ነው።

የማያስተኛዎት ነገር የትኛው እንደሆነ ልንገርዎት። ሕመሙ ከ6 ሰዓት በላይ ከቆየ፤ ትኩሳት ወይም የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ከተከተለው፤ ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ የማያባራ ትውከት ያለበት ሕመም ከሆነ፤ ዐይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ፣ ሰገራ እንደ አመድ ከነጣ፤ ያን ጊዜ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ሌሊት ይኬዳል። ከነዚህ ሁሉ ቢጫነትን ለይቼ ላንሣው፤ ምክንያቱም ሕመምተኞች በጣም የሚዘገዩብን እዚህ ላይ ነው። ዐይኑ ቢጫ የሆነ ሰው በሰፈር «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ወደሚሰጡ ሰዎች ይወሰዳል። የሚጠጣው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል። ምክንያቱ የጉበት ቫይረስ ከሆነ ብዙዎች በራሳቸው ጊዜ ስለሚሻላቸው ቅጠሉ ይመሰገናል። ቱቦውን የዘጋው ጠጠር ከሆነ ግን የተጠራቀመው ሐሞት ይመረዛል። ትኩሳት፣ ሕመምና ቢጫነት አንድ ላይ ከታዩ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። ጠበልም ቢሆን ሐኪም ቤት ታይተው፣ መድኃኒቱ ተጀምሮ ይሁን። በእኛ አገር ወስፋትም ከአንጀት ወጥቶ ወደ ሐሞት ቱቦ እየገባ ይህንኑ የመሰለ ሕመም ያመጣል፤ እሱንም አልትራሳውንድ ያየዋል።

ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆነና ይህንን ለሚያነቡ ደግሞ፦ ከደረት በታች የተነሣ አዲስ ሕመም ላብና የትንፋሽ ማጠር ካለው ጨጓራም ሐሞትም ከማለት በፊት ልብ ይታይ።

የጎረቤትዎን ጉዳይ በተመለከተ፣ ያዩትን ነገር አልክድም። የወይራ ዘይትና የሎሚ ጭማቂ በብዛት ሲጠጡ አንጀት ውስጥ ተቀላቅለው አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ ክብ ክብ ነገር ይሠራሉ፤ ሰገራ ላይ የሚታየው ያ ነው። ተወስዶ ሲመረመር ሳሙናነት ያለው የዘይት እብጥ ሆኖ ተገኝቷል። በጣት ሲጫኑት ይላቆጣል፣ ሙቀት ላይ ሲያስቀምጡት ይቀልጣል። ማረጋገጥ የምትፈልግ ከሆነ ጎረቤትዎ አልትራሳውንዱን ትድገመው፤ ጠጠሯ እዚያው ነው የሚሆነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ብርጭቆ ሙሉ ዘይት ከረጢቷን በኃይል ማስኮማተሩ ነው። እንደ እርስዎ ጠጠር ላለበት ሰው ሕመሙን ራስ ላይ መጥራት ማለት ነው። ውሃ በብዛት መጠጣትም የኩላሊት ጠጠር ምክር ነው፤ የሐሞት ከረጢት በውሃ አይታጠብም። ጤፍ ውስጥ ካለ አሸዋም ጠጠር አይሠራም።

ክኒን አለ ወይ? አለ፤ ትንንሽና በካልሲየም ያልጠነከሩ የኮሌስትሮል ጠጠሮችን ቀስ በቀስ የሚያሟሟ። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከጠፋላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ በ5 ዓመት ውስጥ ጠጠሩ ይመለሳል። ለእርስዎ ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ስለሚበሉት ነገር ብዙ አላስጨንቅዎትም። የሚጎዳዎት በአንዴ የሚበላ ብዙ ቅባት ነው። ከሁዳዴ 55 ቀናት በኋላ ሌሊት ተነሥቶ በቅቤ ያበደ ዶሮ ወጥ፣ በላዩ ቁርጥ፣ በላዩ ዓይብ፤ የፋሲካ ሰሞን የድንገተኛ ክፍላችንን የሚያውቅ ሰው የእርስዎ ሁለተኛ ሌሊት አያስገርመውም። ሰው የሚረሳው ግን የጾሙን ዘይት ነው። ከረጢቷ ቅቤና ዘይት አትለይም፤ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፣ ፓስቲና ሳምቡሳም ያው ቅባት ናቸው። ጥቂት ጥቂት ይብሉ፣ ማታ ቀለል ያድርጉት። በርበሬና ቡና ጠጠር አያመጡም፤ ጨጓራዎን ካቃጠሉት ስለ ጨጓራዎ ብለው ይቀንሱ። ክብደት ለመቀነስ ብለው ራስዎን አያስርቡ፤ በፍጥነት መክሳት ራሱ ጠጠር ያበዛል። መጾምን አልከለክልዎትም፤ ቀኑን ሙሉ ባዶ ውለው ማታ በአንዴ አብዝተው እንዳይበሉ ግን አደራ እላለሁ።

ለምን ቀዶ ሕክምና እላለሁ? አንዴ የጀመረ ሕመም ይመለሳል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ሰዎች ላይ። ሕመም ካላቸው 100 ሰዎች ውስጥም በየዓመቱ ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ከባድ ነገር ይገጥማቸዋል፤ ከረጢቱ ይመረዛል፣ ቱቦው ይዘጋል ወይም ቆሽቱ ይቆጣል። ይህ ቁጥር ለአንድ ዓመት ትንሽ ነው። እርስዎ ግን 39 ዓመትዎ ነው፤ ከፊትዎ ብዙ ዓመታት አሉ። የሚኖሩትም ሌሊት ባጃጅ እንኳ በቀላሉ የማይገኝበት ዳርቻ ላይ፣ 4ኛ ፎቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። መሃል ከተማ ከሆስፒታል አጥር ሥር ለሚኖር ሰው «ትንሽ ጠብቁና እንይ» ልል እችል ነበር፤ ለእርስዎ አልልም።

የሚወጣው ከረጢቱ ከነጠጠሩ ነው፤ ጠጠሩን ብቻ አውጥቶ መተው ዋጋ የለውም፣ ከረጢቱ ሌላ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1882 ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ላንገንቡክ በርሊን ውስጥ ከረጢቱን የማስወጣት የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ ያሰበው ይህንኑ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚሠራው በካሜራ፣ 4 ትንንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ነው። ብዙ ሰው በማግስቱ ቤቱ ይገባል፤ በ1 ወይም 2 ሳምንት ቀላል ሥራ ይጀምራል። በሰፊው ተከፍቶ ከተሠራ እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በካሜራ ተጀምሮ ሐኪሙ በግልጽ ማየት ካቃተው ወደ መክፈት ይዞራል፤ ይህ ሲሆን ሐኪሙ ተሳሳተ አይበሉ፣ ጥንቃቄው ነው። ዋናው ስጋት የሐሞት ቱቦ መጎዳት ሲሆን ከ1000 ሰው ከ3 እስከ 5 ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ይህንን ሥራ አዘውትሮ የሚሠራ ሐኪም ይምረጡ፣ «በካሜራ ብዙ ሠርተዋል?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለበትም። ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ጉበት ሐሞቱን በቀጥታ ወደ አንጀት ያንጠባጥባል፤ አብዛኛው ሰው እንደ ቀድሞው ይበላል። አንዳንዱን ለሳምንታት ሰገራ ያቀጥነዋል፤ ከዚያ ይለምዳል። ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ወደ 4ኛ ፎቅ የሚያወጣልዎት ሰው ግን አስቀድመው ይፈልጉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እርስዎ አይሸከሙም።

የጤና መድን ካለዎት ከሰፈርዎ ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው ይጀምሩ፤ በዚያ መንገድ ካልሄዱ ወጪው ከኪስዎ ይሆናል። ለእርስዎ የሚቀርበው አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው። ወረፋው ረጅም ከሆነ ቀጠሮውን ይዘው ይጠብቁ፤ በመካከል ሕመሙ እየተደጋገመ ከመጣ ተመልሰው ይንገሯቸው፣ ቀጠሮ ይቀደማል። ሌሊት ለሚመጣው ነገር ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑን ልጆችዎም ይወቁት። ከረጢቱ ተመርዞ ከሄዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ መሠራት ይሻላል፤ ያ ካለፈ ብዙ ጊዜ በመድኃኒት አብርደው ከ6 ሳምንት በኋላ ነው የሚሠሩት።

ካርድ ሲያወጡ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙንም ይያዙ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች፣ የወሊድ መቆጣጠሪያውን ጨምሮ፣ ይንገሩ፤ ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን ለጠጠር ያጋልጣልና መቀየሩ ይነሣ ይሆናል። ሌላ ልጅ ካሰቡም ይህንን አስቀድመው ይናገሩ። እርግዝና ጠጠርን ያባብሳል፤ ከመፀነስ በፊት ማስወጣቱ ቀላል ነው። አርግዘው ሳለ የግድ ከሆነ ደግሞ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ያለው ጊዜ ይመረጣል።